በብስክሌት ወደ ጓሳ፦ የተቃጠለ ኮረብታ እንዴት ይነበባል?



ደመራው ነዶ አልቋል፤ መጸውም ገብቷል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ይህ ወቅት ለከተማው ሰው የአደይ አበባ ጊዜ ነው። የመንዝ ገበሬ ግን ሌላ የሚያስበው አለው። ገብሱ ሳይደርስ ውርጭ እንዳይቀድመው ሌሊት ሌሊት ወጣ እያለ ሰማዩን ያያል። ሰማዩ ጥርት ካለ ብርዱ ይጠነክራልና።

የዛሬው ትምህርታችን በብስክሌት ነው። ስምንት ወይም አሥር ሆነን፣ ጎማው ወፍራም በሆነው የተራራ ብስክሌት፣ ከጣርማበር ተነስተን በመዘዞ በኩል ወደ ጓሳ፣ ወደ መንዝ ከፍተኛ የሣር ምድር፣ እንወጣለን። በሬዲዮ የሚወጣ ዳገት ስለሆነ ትንፋሽ አያሳጥርም፤ የልብ ድካም ያለባችሁም ልትከተሉን ትችላላችሁ። በመንገዳችን ላይ የምንፈልገው እሳት የነካውን መሬት ነው። ያለፈው በጋ እሳት የበላው ቁጥቋጦ፣ ግንዱ የጠቆረ ባህር ዛፍ፣ ገበሬው ራሱ ሆን ብሎ ያቃጠለው ማሳ፤ እነዚህን ሁሉ ክረምቱ ካጠባቸውና ሳሩ መልሶ ካበቀለባቸው በኋላ ማየት ጥሩ የሚሆነው በዚህ በመጸው ነው። እሳቱ እንደጠፋ ሰሞን ሁሉም ጥቁር ነው፤ ማን እንደሞተና ማን እንደተረፈ አይታወቅም። ዝናብ ካለፈ በኋላ ግን መሬቱ ራሱ ይናገራል።

ለምን በብስክሌት? በመኪና የሚሄድ ሰው «እዚህ ተቃጥሎ ነበር» ብሎ ያልፋል። በእግር የሚሄድ ሁሉን ያያል፤ ግን በአንድ ቀን ብዙ አይርቅም። ብስክሌት መሐሉ ላይ ነው፤ የአፈሩ መለወጥ በጎማው በኩል እጅ ላይ ይሰማል፣ ደስ ያለን ቦታ ላይም ወዲያው እንወርዳለን። ደግሞም መንዝ ውስጥ መሬትን እየጋለቡ ማወቅ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶች እንደሚያወሩት፣ አስቦና ጌራ የተባሉት ሁለቱ አቅኚዎች ጓሳን የተካፈሉት በፈረስ ግልቢያ ነው። የአስቦ ፈረስ ቀድሞ ደክሞ ወደቀ፤ የጌራ ፈረስ ቀጠለ፤ በዚህም የጌራ ድርሻ ሰፋ ይባላል። የጌራ ስም ዛሬም በወረዳው ስም ላይ አለ፤ መንዝ ጌራ ምድር፣ ዋና ከተማው መሐል ሜዳ።

ከመነሳታችን በፊት ጥቂት ነገር። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በ3,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብሎ ይንዳ፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ እየባሰ ከሄደ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። ውሃ በዚህ ከፍታ 90 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ስለዚህ ባቄላና ድንች ቶሎ አይበስሉም፤ የመንዝ እናት ከቆላ እናት የበለጠ ማገዶና ኩበት የምታነደው ብርዱን ፈርታ ብቻ አይደለም። ይህን ያነሳሁት በኋላ ስለ ማገዶ ስለምናወራ ነው። ሁለቱንም ፍሬን ሞክሩ። በቡድኑ ውስጥ ደካማው ፊት ይምራ፤ ጎበዙ ኋላ ይሁን። መንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ አስቀድሞ ጠይቆ መነሳትም የዚህ ዘመን ግዴታ ነው።

እንግዲህ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ የቆፈሩትን የጣርማበር ዋሻ ትተን ወደ ሰሜን ታጠፍን እንበል። በስተቀኛችን ገደሉ ነው፤ ታች ይፋት ይታያል፣ ከዚያም ወዲያ የአፋር ሜዳ። በስተግራችን የመንዝ ደጋ ተዘርግቷል።

ከመንገዱ ዳር ግንዱ የጠቆረ ባህር ዛፍ ሲያጋጥመን እንቁምና የመጀመሪያውን ንባብ እናንብብ። ጥቁረቱ በሁሉም በኩል እኩል አይደለም። በአንዱ ወገን ከጉልበት አይበልጥም፣ በሌላው ወገን ደግሞ ከሰው ራስ በላይ ይወጣል። እሳቱ የመጣው ጥቁረቱ ዝቅ ካለበት በኩል ነው፤ ግንዱን ሲያልፍ ነበልባሉ ከግንዱ ኋላ ተጠምዝዞ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ ከፍ ያለው ጥቁረትም እዚያ ይቀራል። ሦስት አራት ግንድ እንዲህ ካነበባችሁ እሳቱ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ በጣታችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። ብዙውን ጊዜ ከታች ወደ ላይ ነው።

ለምን ከታች ወደ ላይ? ቤት ያላችሁ ልጆች፣ ከታላቅ ሰው ጋር ሆናችሁ፣ አንድ ሳህን ውሃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ ይህን ሞክሩ። ሁለት ክብሪት ጫሩ። አንዱን ራሱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙት፤ እሳቱ ወደ ታች ለመውረድ እየታገለ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ሁለተኛውን ራሱን ወደ ታች አዘቅዝቁት፤ ነበልባሉ በእንጨቱ ላይ እየተሳበ ወደ ጣታችሁ ይሮጣል፣ ቶሎ ወደ ውሃው ጣሉት። ኮረብታም እንዲሁ ነው። በዳገት ላይ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሳር ገና ሳይደርስበት ያሞቀዋል፣ ያደርቀዋል። የእሳት ባለሙያዎች በግምት ሲያስቀምጡት ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል ይላሉ። ቀን ቀን ደግሞ ፀሐይ ያሞቀችው ነፋስ ከሸለቆ ወደ ላይ ስለሚነፍስ እሳቱን ይረዳዋል። ከዚህ የሚወጣውን ትምህርት ብስክሌት ነጂ ልብ ይበል፦ ከእናንተ በታች ጭስ ካያችሁ ዳገቱን ለመውጣት አትሞክሩ፤ በዳገት ላይ እሳት ከሰው ይፈጥናል። ወደ ጎን ሽሹ፣ ወይም መንገድ ላይ፣ ወይም አስቀድሞ ተቃጥሎ ወደጠቆረና ወደቀዘቀዘ መሬት ግቡ። የሚነደው ነገር ወዳለቀበት ቦታ እሳት ተመልሶ አይመጣም።

ያው ባህር ዛፍ ከግንዱ ላይ አዲስ ቅጠል አውጥቶ ታገኙታላችሁ። ቅጠሉ ዘይት አለው፣ ቅርፊቱ ይረግፋል፤ ስለዚህ በደንብ ይነዳል፣ ነዶም መልሶ ያቆጠቁጣል። የሐበሻ ጥድ ግን እንዲህ አይደለም። እሳት አንዴ ከገደለው ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ የሚተካው በዘር ብቻ ነው። ጥድና ባህር ዛፍ ጎን ለጎን በተቃጠሉበት ቦታ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

አሁን ወደ እርሻው። እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ ለእኔ የመንገዱ ሁሉ ምርጥ ክፍል ይህ ነው።

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በጥቁሩ ማሳ ውስጥ፣ አልፎ አልፎ ቀላ ያለ ክብ ክብ መሬት ታያላችሁ። ይህ ጋይ ነው፤ አፈር ማቃጠል። ገበሬው ለዓመታት ጾሙን ያደረ መሬት ደጋግሞ ያርሳል፤ ከነሳሩና ከነሥሩ የተገነጠለውን ጓል አድርቆ በየቦታው ይከምራል፤ ከውስጡ ኩበት አድርጎ ይለኩሰዋል። ክምሩ እየጨሰ ለቀናት ይነዳል። ክረምት ሲገባ አመዱንና የተቃጠለውን አፈር በትኖ ገብስ ይዘራበታል። በመጀመሪያው ዓመት የሚገኘው ምርት የሚያስደስት ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ይወርዳል፤ ከዚያ መሬቱ እንደገና ብዙ ዓመት ያርፋል፣ አንዳንዴም ከአሥር ዓመት በላይ።

ይህን ያዩ ብዙ የተማሩ ሰዎች «ኋላ ቀር አሠራር» ሲሉ ኖረዋል። የአፈር ሳይንስ ግን ገበሬው ለምን እንዳደረገው ያስረዳል። የዚህ ደጋ ጥቁር አፈር ሸክላነቱ የበዛ፣ ክረምት ውሃ የሚቋጥር፣ ሥር የሚያፍን ነው። በክምሩ ውስጥ ሙቀቱ በመቶዎች ዲግሪ ሲደርስ የሸክላው ደቃቅ ቅንጣት ተጋግሮ እንደ ገል ስብርባሪ ሻካራ ይሆናል፤ ውሃ ያሳልፋል። ቀይነቱም አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ስለተቃጠለ ነው። በሥርና በብስባሽ ታስሮ የነበረው ፎስፎረስና የናይትሮጅን አንድ ክፍልም ለገብሱ ይፈታል። ግን ዋጋ አለው። ለዓመታት የተከማቸው ብስባሽ በጭስ መልክ ይሄዳል። ገበሬው ያን የሚያውቅ ስለነበር ነው መሬቱን ረጅም ጊዜ የሚያሳርፈው። ችግሩ የመጣው ሰው በዝቶ፣ መሬት ጠቦ፣ ማሳረፍ ሲያቅት ነው። እኔ በበኩሌ «ኋላ ቀር» የሚለውን ቃል ለጋይ አልጠቀምም፤ ዕረፍቱን የነጠቅንበት ጥሩ ስሌት ነበር እላለሁ።

ይህን ይዘን ወደ ጓሳ እንግባ፤ ምክንያቱም የሣር እሳት ከጋይ ፍጹም ይለያል። የሣር እሳት ፈጣን ነው። ነበልባሉ ያስፈራል፤ ግን አንድ ቦታ ላይ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፣ አፈር ደግሞ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም። ከላይ ሁሉም ከስሎ ሳለ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወረድ ብሎ ያለው ሥር እሳት መኖሩንም ብዙ አያውቅም። ጋይ ዝግ ብሎና ተዳፍኖ ስለሚነድ ሥሩንም አፈሩንም ይለውጣል። ስለዚህ ለተቃጠለ ኮረብታ የመጀመሪያው ጥያቄ ነበልባሉ ምን ያህል ከፍ አለ ሳይሆን እሳቱ እዚያ ምን ያህል ቆየ የሚለው ነው።

ጓሳ፣ ለቦታው ስሙን የሰጠው ሣር፣ በጉብታ በጉብታ ሆኖ ይበቅላል። ቡቃያው ያለው በጉብታው እምብርት፣ ጥቅጥቅ ባለው ቅጠል መሐል ነው። ስለዚህ ላዩ ተቃጥሎ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ከጥቁሩ መሐል አረንጓዴ ሲወጣ ታያላችሁ። አስታ የተባለው ቁጥቋጦ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። ቅጠሉ እርጥብ ሳለም ይነዳል፤ ግን ከአፈሩ ጋር የተያያዘ ያበጠ የሥር አንገት አለው፣ ከዚያ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። አንድ ጥቁር የደረቀ ግንድ መሐል ቆሞ ዙሪያውን ለምለም ቀንበጥ ካያችሁ የእሳት ፊርማ ነው። አስታ ሲተዉት ዛፍ ይሆናል፤ በየጊዜው እሳት ወይም ምሳር የሚጎበኘው ግን ቁጥቋጦ ሆኖ ይኖራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ደርቆ የቆመ ጅብራ ሁሉ እሳት የገደለው አይደለም። ጅብራ ለብዙ ዓመታት አድጎ፣ ከሰው በላይ የሚረዝም አበባውን በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ አውጥቶ፣ ዘሩን ዘርቶ ይሞታል። ሬሳው ቆሞ ይቀራል። የከሰለ ነገር ካላያችሁበት እሳትን አትክሰሱት።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ይጠበቅ እንደነበር ይነገራል። ከአቅኚዎቹ የተወለዱ፣ አጽመ ርስት ያላቸው ሰዎች ሣሩን በጋራ ይይዙት ነበር፤ አንዱ ለአስቦ፣ አንዱ ለጌራ የሆኑ አለቆች ተመርጠው ያስጠብቁ ነበር። አካባቢው ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ሰው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ እረኛ ለሚለብሰው ገሳ፣ ለፍራሽ የሚሆነውን ያጭድ፣ ከብትም ይገባ ነበር። ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ሁሉም ለቆ ይወጣ ነበር። በተዘጋበት ጊዜ የገባ ሰው ቅጣቱ ቀላል አልነበረም፤ ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር ይባላል። ሣርን ለማዳን ቤት ማቃጠል፤ የዛሬ ሰው አይቀበለውም፣ እኔም አላወድሰውም። ግን ደንቡ ምን ያህል ክብደት ይሰጠው እንደነበር ያሳያል።

እስቲ በእሳት ዓይን እንየው። ለአምስት ዓመት የተዘጋ ሣር ማለት የአምስት ዓመት ድርቆሽ ማለት ነው። በዚያ ላይ አንድ የተጣለ ክብሪት ቢያርፍ የሚሆነውን አስቡት። ቀሮ ግን ሣሩን ለዘላለም አልዘጋም። በጊዜው ከፍቶ፣ በማጭድ አሳጭዶ፣ በጋማና በቀንድ ከብት አስግጦ የተከማቸውን ነዳጅ ከመሬቱ ላይ ያነሳ ነበር። አባቶች «የእሳት አስተዳደር» አላሉትም ይሆናል፤ ሥራው ግን እሱ ነበር ብዬ አምናለሁ። መዝጋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጓሳ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ይነድ ነበር፤ መክፈት ብቻ ቢሆን ደግሞ የሚነድ ነገርም አይተርፍም ነበር።

ይህ ሐሳብ በባሌ በተደረገ ጥናትም ይደገፋል። በባሌ ተራሮች አርብቶ አደሮች አስታውን ለግጦሽ ሲሉ በየተራ ቁራጭ ቁራጭ አድርገው ያቃጥሉ ነበር። ተመራማሪዎች እንዳሳዩት አንድ ጊዜ የተቃጠለ ቁራጭ መሬት ለዓመታት መልሶ አይነድም፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ለሚነሳ እሳት ራሱ አጥር ይሆናል። ማቃጠል ሙሉ በሙሉ ሲከለከል ግን ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ አስታው በሰፊው ተያይዞ አረጀ። ሁለተኛ፣ ቀድሞ ሽማግሌ ጊዜውንና ነፋሱን አይቶ የሚለኩሰውን እሳት አሁን ሰው ተደብቆ ለኩሶ መሸሽ ጀመረ፤ የሸሸ ሰው እሳት አይቆጣጠርም። ይህ ማለት ጓሳን እናቃጥል ማለት አይደለም፤ የጓሳ መሣሪያ ማጭድ ነው። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን እሳትን እንደማያጠፋ ከባሌ መማር ይቻላል። በ1992 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት በባሌና በቦረና የተነሳው እሳት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደን በልቷል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ስሜን ተራሮች ሲነዱ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች መጥተዋል። እስከዚያው ግን ቅጠል ይዞ ከእሳቱ ጋር የተጋፈጠው የአካባቢው ገበሬ ነበር።

ቀሮ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ አበቃ። አዋጁ ለጭሰኛው ፍትሕ ነበር፤ ለጓሳ ግን ባለቤት የሌለው ዘመን አመጣ። ርስት ያልነበራቸው ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ መብት ማግኘታቸው ትክክል ሆኖ ሳለ፣ መቼ ይዘጋ፣ መቼ ይከፈት የሚለውን የሚወስን ጠፋ። ኋላ ማኅበረሰቡ ራሱ ኮሚቴና መተዳደሪያ ደንብ አበጅቶ ጥበቃውን መለሰ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ደግሞ የአማራ ክልል ጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ አድርጎ በሕግ አጸደቀ። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ወደ ኮርቻችን እንመለስ፤ አሁን የምንነዳው በሌሎች ቤት መሐል ነውና። ከሣሩ ሥር ፍልፈልና አይጥ ይኖራሉ፤ እነዚህ የቀይ ቀበሮ ምግብ ናቸው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ያለ፣ ቁጥሩም ከ500 የማይበልጥ እንስሳ ነው። የሚወልደውም በአብዛኛው በእኛው በመጸው ነው። ጎማ ከመንገድ ወጥቶ ሣሩ ላይ ሲሄድ የአይጡን ጉድጓድ ይደረምሳል፤ ግልገል ያለበት ዋሻ አጠገብ ተሰብስቦ ፎቶ ማንሳት ደግሞ እናቲቱ ግልገሎቿን ተሸክማ ቦታ እንድትለውጥ ያስገድዳታል። ውሻ አታስከትሉ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ለቀይ ቀበሮ ከእሳት የከፋ ጠላት ነው።

ጭላዳ መንጋ ካያችሁ ቁሙና ጠብቁ። ጓሳ ውስጥ ጭላዳ ከምግቡ ግማሽ በላይ የሆነውን ሣር እየነጨ ይበላል። ቀይ ቀበሮ በመንጋው መሐል ሲንሸራሸር ታዩ ይሆናል፤ ጭላዳው ብዙውን ጊዜ አይሸሽም፣ ቀበሮውም የጭላዳውን ግልገል እምብዛም አይነካም። ተመራማሪዎች ቆጥረው እንዳገኙት ቀበሮ ለብቻው አይጥ ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካለታል፤ ከጭላዳ መሐል ሆኖ ሲሞክር ግን ከሦስት ሁለቱ። በብስክሌት ቡድን ጩኸት ይህን ስምምነት መበተን ይቅር የማይባል ነው።

በተቃጠለ ዳገት ላይ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ሥሩ ያልጸና አፈር ላይ አሥር ብስክሌት በአንድ መስመር ሲወርድ ቦይ ይቀዳል፤ የሚቀጥለው ክረምት ውሃ በዚያ ቦይ ይገባና ገደል ያደርገዋል። ከጓሳ የሚነሱ ምንጮች ወደ ዓባይና ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ አፈሩም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ጭቃም ቢሆን በነበረው መንገድ፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ፤ ጭቃውን ለመሸሽ ብሎ መንገድ ማስፋት የለም። ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማ ቆልፎ መንሸራተት ጨዋታ ይመስላል፤ ሣሩን ከነሥሩ ይልጠዋል። ሁለቱንም ፍሬን እያረፋችሁ በጥቂት በጥቂቱ ያዙ።

ማታ በማኅበረሰቡ ማረፊያ ስታድሩ ብርዱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። የመንዝ በግ ጸጉር ባና ተከናነቡ እንጂ ሣር መሐል እሳት አታንድዱ። ለምግብ የምታነዱት ከማረፊያው ምድጃ ውጪ አይሁን፤ ማገዶውንም ግዙ፣ ከአስታው አትስበሩ። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ቁራጩን በቆርቆሮ ይዞ ይመለስ። ጭስ ካያችሁ መጀመሪያ ለጥበቃ ሠራተኞቹ ንገሩ፤ ራሳችሁ ሮጣችሁ ለማጥፋት አትሞክሩ፣ ነፋሱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ጊዜያችን እዚህ ላይ ያበቃል። በሚቀጥለው ሳምንት ከዚህ ብርድ ወጥተን በጀማ ሸለቆ ወደ መርሐቤቴ እንወርዳለን፤ ዓለም ከተማ ከመድረሳችን በፊት ባለው ሞቃት ሸለቆ እሳት ከግራሩና ከቆላው ሣር ጋር ያለው ጠባይ ከጓሳው በምን እንደሚለይ እናያለን። የብስክሌታችሁን የፍሬን ላስቲክ ግን ከአሁኑ ለውጡ፤ ቁልቁለቱ ረጅም ነው።